ከመደርደሪያው የትኛውን ላንሳ?

የቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል። እናት ለልጇ፣ ወጣቱ ለራሱ፣ አዛውንቱ ለደከመ ዓይናቸው የሚሆን መጽሐፍ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ለቅቄዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ «ለዚህ ዕድሜ ይህ መጽሐፍ» በሚለው አከፋፈል ብዙም አላምንም። ሰውየው ምን ጥያቄ ይዟል፣ ስንት ደቂቃ አለው፣ የሚያነበው ብቻውን ነው ወይስ ከሰው ጋር የሚሉት ነገሮች ከዕድሜው በላይ ይወስናሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአራትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ። በየሳምንቱ መጽሐፍ እንዋሳለን። ትንሿ ያንኑ አንዱን መጽሐፍ ካልደገምሽልኝ ትላለች፣ ትልቁ ደግሞ «ይሄ የሕፃን ነው» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ለሁለቱም የሚሆን ነገር ይኖራል? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ የትንሿን ነገር እንደ ችግር አትቁጠሪው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ታሪኩን የሚወደው የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። ገጹ ሳይገለጥ «አሁን ዓሣው ሊውጠው ነው!» ብላ መጮህ ለእሷ ትልቅ ደስታ ነው። ድገሚላት። እስኪሰለችሽ ድረስ፣ ከሰለቸሽም በኋላ። ስትመርጪ ግን መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር በጥቂት ገጾች ጨምቆ ካቀረበው ይልቅ አንድ ታሪክ ብቻ የያዘውን ውሰጂ። በአንደኛው ገጽ ዓለም ተፈጥሮ፣ በሁለተኛው ቃየን አቤልን ገድሎ፣ በሦስተኛው የጥፋት ውኃ ሲመጣ ሕፃን ልጅ የቱን ይያዝ? ሥዕሉንም ፈትሺው። ጽሑፉን በእጅሽ ሸፍነሽ በሥዕሉ ብቻ ታሪኩን መናገር ከቻልሽ ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ካልቻልሽ መልሺው።

ለትልቁ ደግሞ የልጆች መጽሐፉን ለጊዜው ተዪና ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንብቢለት። ሩት አራት ምዕራፍ ብቻ ናት። ዮናስም አራት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ዮናስን የሚያውቁት እስከ ዓሣው ድረስ ነው፣ ምክንያቱም የልጆች መጽሐፍ አዘጋጆች እዚያው ላይ ያቆማሉ ወይም ከተማዋ ንስሐ ስትገባ ይጨርሳሉ። የሚገርመው ግን አራተኛው ምዕራፍ ነው። ነቢዩ ጥላ የሆነችው ቅል ደረቀችብኝ ብሎ ሞትን ይመኛል፣ እግዚአብሔርም ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ስላሉባት ታላቅ ከተማ እኔ አላዝንምን ብሎ ይጠይቀዋል፣ መጽሐፉም በዚያው በጥያቄው ያልቃል። መልስ የለም። ልጅሽ «ከዚያስ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዝም በዪ፣ እሱ ይመልስ።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁ መጽሐፈ ጦቢትን የያዘ ከሆነ (ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች ይቀበሉታል፣ ፕሮቴስታንቶች ከቀኖና አያስገቡትም) እሱንም ሞክሪ። ራሱን ደብቆ አብሮ የሚጓዝ መልአክ አለበት፣ ከወንዝ ዘሎ የሚወጣ ዓሣ አለበት፣ መንገደኞቹን የሚከተል ውሻም አለበት። ውሻው በታሪኩ ውስጥ ምንም የሚሠራው ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ይከተላል። ልጆች ግን የሚያስታውሱት እሱን ነው!

ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጠሽ ለማንበብ የሩስያዊውን ደራሲ የሊዮ ቶልስቶይን አጫጭር ታሪኮች ፈልጊ። በተለይ በ1885 የወጣውን የጫማ ሰፊውን የማርቲንን ታሪክ፦ «ፍቅር ባለበት እግዚአብሔር አለ» የሚለውን። ማርቲን ከምድር ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው፣ ሰውን የሚለየው በሰፋለት ጫማ ነው። አንድ ሌሊት «ነገ እመጣለሁ» የሚል ድምፅ ይሰማና ቀኑን ሙሉ ጌታን ሲጠብቅ ይውላል። የሚመጡት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። የአራት ዓመቷ የጫማውንና የመስኮቱን ነገር ትወዳለች፣ የዘጠኝ ዓመቱ ማን እንደመጣ ከማርቲን ቀድሞ ይገባዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል ገጽ ካለው ዝለዪው። ጥሩ ታሪክ ከሰሙ በኋላ ፈተና የሚጠብቃቸው ልጆች ታሪኩን መፍራት ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ በቤተ መጻሕፍታችን የናርንያ መጻሕፍት አሉ። የአንዱ ርዕስ ላይ ሳይቀር ጠንቋይ አለች። ይሄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይሠራል? (ግራ የገባው አባት)

መልስ፦ ጠንቋይዋ አለች፣ ግን የምትሸነፈው እሷ ናት። ሲ. ኤስ. ሉዊስ ሰባቱን መጻሕፍት ከ1950 እስከ 1956 አወጣቸው። በመጀመሪያው ላይ አስላን የተባለው አንበሳ ወንድምና እኅቶቹን በከዳ ልጅ ፈንታ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፣ ይገደላል፣ ይነሣል። ይህ ከየት እንደመጣ ለርስዎ መንገር አያሻም። ደግሞስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የፈርዖን አስማተኞች የሉም? ሳኦል ዓይንዶር ድረስ የሄደላት ሴትዮስ? ዋናው ነገር ታሪኩ ከማን ጋር ቆሟል የሚለው ነው። አሁንም ጥርጣሬ ካለብዎ ቀድመው እርስዎ ያንብቡት፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። አንዳንድ ኅትመቶች ላይ ሌላኛው መጽሐፍ ቁጥር አንድ ተብሎ ታትሟል፣ በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል ስለደረደሩት ነው። እኔ በአንበሳው እንዲጀምሩ እመክራለሁ፣ ደራሲውም መጀመሪያ ያወጣው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። የወጣቶች መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ «ወጣት ሆይ ተጠንቀቅ» ነው። ምክር፣ ምክር፣ ምክር። ይደብራል። የሆነ እውነተኛ ነገር የለም? (ምክር የሰለቸው)

መልስ፦ አለ ወንድሜ። ግን ከወጣቶች መደርደሪያ ውጣና ወደ አዋቂዎቹ ሂድ። ማንም አይከለክልህም፣ ከከለከሉህም እኔ ልኬህ ነው በላቸው።

መጀመሪያ አውግስጢኖስ። አዎ፣ ያ ሥዕሉ ላይ ጢሙን አስረዝሞ የምታየው ጳጳስ። ኑዛዜው 13 መጻሕፍት አሉት፣ ያኔ መጽሐፍ የሚሉት እኛ ምዕራፍ የምንለውን ያህል ነው። አንተ ከሁለተኛው ጀምር። እዚያ 16 ዓመቱ ነው፣ ልክ እንዳንተ። ከጓደኞቹ ጋር ሌሊት ወጥተው የሰው ዛፍ አራግፈው ፒር የሚባለውን ፍሬ ይሰርቃሉ። አልራባቸውም። ቤቱ ከዚያ የተሻለ ፍሬ ነበረው። አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። ታዲያ ለምን ሰረቅኩ ብሎ ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱን ይመረምራል፣ ብቻዬን ብሆን አላደርገውም ነበር ይላል። ከጓደኛ ጋር ሆኖ የማይረባ ነገር ያደረገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ምክር የለበትም፣ ሰውየው የሚያወራው ለእግዚአብሔር ነው፣ አንተ አጠገቡ ቆመህ ትሰማለህ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለስና እስከ ዘጠነኛው መጨረሻ፣ እናቱ እስከምትሞትበት ድረስ ቀጥል። ከአሥረኛው ጀምሮ ስለ ትዝታ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ፍጥረት መፈላሰፍ ይጀምራል። ካልገባህ ዘግተህ አስቀምጠው፣ 30 ዓመት ሲሞላህ ይጠብቅሃል።

ሁለተኛ፣ ኮሪ ቴን ቡም። በ1971 የታተመው መጽሐፏ በእንግሊዝኛ የወጣ ነው፣ ርዕሱ «መሸሸጊያው ስፍራ» እንደማለት ነው። ሆላንድ ሃርለም ከተማ ውስጥ ሰዓት የሚጠግኑ ቤተሰብ ናቸው፣ ናዚዎች አገሩን ሲይዙ ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ጀርባ ክፍል አሠርተው አይሁድን ይደብቃሉ። በየካቲት 1944 ተያዙ። አባቷ እስር ቤት፣ እኅቷ ቤትሲ ደግሞ ራቨንስብሩክ በተባለው ካምፕ ሞቱ። እዚያ ካምፕ ውስጥ ቤትሲ ስለ ቁንጫው እናመስግን ትላለች፣ ኮሪ ትናደዳለች፣ ቁንጫ እንዴት ይመሰገናል? በኋላ እንደተረዱት ጠባቂዎቹ ወደዚያ ክፍል የማይገቡት ቁንጫውን ፈርተው ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ በነፃነት የሚነበበው በዚያ ምክንያት ነበር። ይህን ቦታ በንዴት ነው ወይስ በእምነት የምታነበው? ሁለቱም ይቻላል።

ሳቅም ከፈለግህ እንደገና ሉዊስ። በ1942 ባወጣው መጽሐፍ ሽማግሌው ጋኔን ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ልጅ፣ ለጀማሪው ጋኔን፣ ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት ደብዳቤ ይጽፍለታል። ምክር ነው፣ ግን የተገለበጠ ምክር። 31 ደብዳቤ ስለሆነ በቀን አንድ አንድ ብታነብ ወሩ ያልቃል።

የቅዱሳንን ገድል «የአሮጊቶች ነው» ብለህ እንዳትንቅ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። እንጦንስ ወጣት ሳለ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ያለህን ሽጥ» የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማና ያለውን ሁሉ ሰጥቶ በረሃ ወረደ። በ356 ሲያርፍ አትናቴዎስ ብዙም ሳይቆይ ሕይወቱን ጻፈ። ያ መጽሐፍ ትሪር በምትባል ከተማ በሁለት የንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኞች እጅ ይገባል፣ እዚያው ቆመው አንብበው ሥራቸውን ይተዋሉ። የእነዚህን ሰዎች ወሬ አውግስጢኖስ በሰማበት ቀን ነው በአትክልቱ ስፍራ ያለቀሰው፣ ከጎረቤት ቤት የሕፃን ድምፅ «አንሥተህ አንብብ» ሲለው የሰማው። ቤተ መጻሕፍትህ የእንጦንስን ሕይወት ከያዘ ቀጭን መጽሐፍ ነው፣ አትፍራው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን አነባለሁ ብዬ ከዘፍጥረት እጀምራለሁ። ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ እቆማለሁ። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ከዘፍጥረት። አዳምን በደንብ አውቄዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ማንንም። ምን ላድርግ? (ዘሌዋውያን ላይ የቀረች)

መልስ፦ ሳቄን አመጣሽው። ብቻሽን አይደለሽም፣ እዚያ ጋ የቆመው ሕዝብ ብዙ ነው! እንዲያውም ብዙዎች ዘሌዋውያንም አይደርሱም፣ ዘጸአት 26 ላይ ስለ ድንኳኑ ሰሌዳና መጋረጃ ልኬት ሲጀመር ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ በራሱ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ከግራ ጀምረሽ ወደ ቀኝ እንድታነቢው ማንም አላዘዘሽም። ከማርቆስ ጀምሪ። 16 ምዕራፍ፣ ከወንጌላት አጭሩ፣ በአንድ ቁጭታ ከሁለት ሰዓት በታች ያልቃል። በአንድ ቁጭታ ማንበቡን በጣም እመክርሻለሁ፤ በየቀኑ አንድ አንቀጽ ስናነብ የማይታየን ጥድፊያ አለው፣ ሰውየው አያርፍም፣ ሕዝቡ ይጋፋል፣ ደቀ መዛሙርቱ አይገባቸውም። ከዚያ ሉቃስና የሐዋርያት ሥራ። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው፣ ሁለቱንም ለቴዎፍሎስ ነው የጻፈው፣ ስለዚህ እንደ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት አንብቢያቸው። በመካከላቸው ዮሐንስ ስለገባ ብዙ ሰው ተከታታይ መሆናቸውን አያስተውልም።

ከዚያ ወደ ዘፍጥረት ተመለሺ፣ ዘጸአትን እስከ 20 አንብቢ፣ ዘልለሽ ወደ ሩትና ወደ ሳሙኤል ሂጂ። ዘሌዋውያንስ? አልተረሳም። ወደ ዕብራውያን የተጻፈውን መልእክት ስታነቢ ጎን ለጎን ዘርጊው። ዘሌዋውያን 16 ስለ ማስተሥረያ ቀን ያወራል፣ ዕብራውያን 9 ያንኑ ቀን ይዞ ነው ስለ ክርስቶስ የሚናገረው። ያን ጊዜ ደሙም መጋረጃውም ትርጉም ይኖረዋል። ደግሞ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው መጀመሪያ የተጻፈው የት ይመስልሻል? እዚያው ዘሌዋውያን ውስጥ፣ 19ኛው ምዕራፍ ላይ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ማብራሪያ ልዋስ ወይ ላልሽው፣ አንድ ካርታ ያለበት የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት ይበቃሻል። ወፍራሙን ማብራሪያ አሁን አትንኪው፣ ከመጽሐፉ በፊት ስለ መጽሐፉ አንብበሽ ትደክሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ሚስት፣ ልጆች፣ ዕዳ። መንፈሳዊ መጽሐፍ ለካህናትና ለመነኮሳት ነው፣ እኛ ሠራተኞች መስማት ይበቃናል ብል ኃጢአት ነው? (ጊዜ ያጣ)

መልስ፦ ኃጢአት ነው ብዬ አልፈርድብህም ወንድሜ፣ ግን መልሱን ከእኔ ሳይሆን ከዮሐንስ አፈወርቅ ስማው። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንጾኪያ ውስጥ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ተከታታይ ስብከት ሰጥቷል። በሦስተኛው ላይ ልክ ያንተን ሰበብ ያነሣል፦ እኔ መነኩሴ አይደለሁም፣ ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ የምመራው ቤት አለኝ። መልሱ እንዲህ ነው በአጭሩ፦ ታዲያ አንተ ነህ ይበልጥ የሚያስፈልግህ! ባሕታዊው ከጦርነቱ ርቋል፣ አንተ ግን መካከሉ ላይ ቆመህ ትቆስላለህ፣ መድኃኒቱ ለቆሰለው ነው። አንጥረኛና ናስ ሠሪው ቢርባቸው እንኳ መዶሻቸውን አይሸጡም ይላል ደግሞ። ይህ ሰው የሚሰብክበትን ርዕስ ቀናት አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር፣ ቤታቸው አንብበው እንዲመጡ። እስቲ ይህን አሁን የሚያደርግ ሰባኪ ፈልጉልኝ።

አልዓዛርን የሚመለከቱት ስብከቶች በትንሽ ጥራዝ ተሰብስበው ይገኛሉ። ስለ ገንዘብ የሚናገረው ግን ያስደነግጣል፣ አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። ከድካም የተነሣ አንድ ገጽ ብቻ ከቻልክ ደግሞ የወንድም ሎረንስን ትንሽ መጽሐፍ ያዝ። ወታደር ነበር፣ ቆሰለ፣ ፓሪስ ውስጥ ቀርሜላውያን ገዳም ገባና ወጥ ቤት ተመደበ። በ1691 ሲሞት መጽሐፍ አልጻፈም ነበር፣ ደብዳቤዎቹንና ከእሱ ጋር የተደረጉ ውይይቶችን ሌሎች ሰበሰቡለት። ድስት እያጠበ እንዴት ይጸልይ እንደነበር ነው የሚናገረው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ታክሲ ስትጠብቅ የምታነበው ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ዓይኔም ደክሟል። ማንበብ እወድ ነበር። አሁን ሁለት ገጽ ሳነብ ፊደሉ ይዋኝብኛል። ከቤተ መጻሕፍት መቅረት ግን አልወድም። (አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ይኑሩልኝ። ማር ይስሐቅን ያስታውሳሉ? በሰባተኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ተሹሞ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃ የገባው። በሕይወት ታሪኩ እንደሚነገረው ከማንበብና ከተጋድሎ ብዛት ዓይኑ ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ደቀ መዛሙርቱ ይጽፉለት ነበር። ስለዚህ ደህና ማኅበር ውስጥ ነዎት።

መጀመሪያ ዳዊትን በትልልቅ ፊደል የታተመ ካለ ይጠይቁ፣ ብዙ ቤተ መጻሕፍት አላቸው፣ ግን ከታች መደርደሪያ ስለሚያስቀምጡት ጎንበስ ብሎ የሚያየው የለም። አትናቴዎስ ታሞ ለነበረው ለማርቀሊኖስ ስለ መዝሙራት የጻፈለት ደብዳቤ አለ፣ እሱ ራሱ ከአንድ አረጋዊ ሰምቼው ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። ሌላውን መጽሐፍ ስናነብ የሌላውን ሰው ቃል እንሰማለን፣ መዝሙርን ስናነብ ግን ቃሉ የራሳችን ይሆናል ይላል። ከዚያ ለፈራ ይህን፣ ለተከዳ ይህን፣ ላመሰገነ ይህን እያለ ይዘረዝራል። ቁጥሩ ሲፈልጉት ካልገጠመልዎ አይገረሙ፣ የዕብራይስጡና የግሪኩ አቆጣጠር ይለያያል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 23 በሌላው 22 ነው።

ለቀረው ደግሞ አንባቢ ይፈልጉ። የልጅ ልጅ ካለዎት ኃላፊነቱን ለእሱ ይስጡት፣ «ታግዘኛለህ» ይበሉት እንጂ «ላስተምርህ» አይበሉት። ለሁለታችሁም የሚሆን የጆን በንያን የክርስቲያን ጉዞ ነው። ብረት ድስት እየጠገነ ይኖር የነበረ ሰው ነው፣ ያለፈቃድ ሰበክህ ተብሎ 12 ዓመት ታስሯል። መጽሐፉ በ1678 ወጥቶ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ሸክም የተሸከመ ሰው ከከተማው ወጥቶ ይሄዳል፣ ረግረግ ውስጥ ይሰምጣል፣ አንድ ግዙፍ ሰው ምሽግ ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ቁልፉ ግን ደረቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጁ ጀብዱውን ይሰማል፣ እርስዎ የቀረውን።

ስልክ ላይ የሚሰማ የድምፅ መጽሐፍም አለ። ንባብ አይደለም የሚሉዎትን አይስሟቸው። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ላይ ያንን ጃንደረባ ኢሳይያስን ሲያነብ «ሰማው» ነው የሚለው፤ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር፣ አብዛኛው ሕዝብም በጆሮው ነበር የሚያነበው።

ጥያቄ፦ የቅርብ ጓደኛዬ ባሏ ሞተባት። ከቤተ መጻሕፍት የሚያጽናና መጽሐፍ ልወስድላት አሰብኩ። የትኛው ይሻላል? (የጨነቃት)

መልስ፦ አሁን? የትኛውም። መጽሐፉን ተዪና አንቺ ሂጂ። የኢዮብ ጓደኞች በኋላ ብዙ ተሳሳቱ እንጂ መጀመሪያ ያደረጉት ትክክል ነበር፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ርዕሱ ላይ «ማጽናኛ» የሚል መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ሳምንት መስጠት «ቶሎ ተጽናኚ» ማለት ይመስላል።

ወራት ሲያልፉና ጠያቂው ሲቀንስ፣ ያኔ ሉዊስ ሚስቱ ከሞተች በኋላ የጻፈውን ቀጭን ማስታወሻ ውሰጂላት። ሚስቱ በ1960 አረፈች፣ መጽሐፉ በ1961 በብዕር ስም ወጣ፣ በራሱ ስም የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እግዚአብሔርን በር ዘጋህብኝ ብሎ ይከስሰዋል እዚያ ውስጥ። ለዚህ ነው የምመርጠው። ከዚያ ደግሞ በዕብራይስጡ ቁጥር 88ኛው መዝሙር፦ አብዛኞቹ የለቅሶ መዝሙራት መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፣ ይሄኛው ግን በጨለማ ነው የሚያልቀው። እንዲህ ተብሎም መጸለይ እንደሚቻል ማወቅ አንዳንዱን ሰው ከብዙ ስብከት በላይ ይደግፈዋል።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችንን ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ የተረከብነው እኔና ጓደኞቼ ነን። ገንዘባችን ትንሽ ነው፣ ሰው የሚለግሰው መጽሐፍ ግን ክፍሉን ሞልቶታል፣ የሚዋስ የለም። ከየት እንጀምር? (አዲሶቹ ተረካቢዎች)

መልስ፦ ከመቀነስ። ሰው ቤቱን ሲያጸዳ መጣል ያሳፈረውን መጽሐፍ ነው ለቤተ ክርስቲያን የሚያመጣው፣ ይህን የማያውቅ የቤተ መጻሕፍት አገልጋይ የለም። ገጹ የተቀደደውን፣ አንድ ዓይነት ሆኖ በብዛት ያለውን፣ ጊዜው ያለፈበትን የስብሰባ ሪፖርት አውጡት። መደርደሪያው ሲሳሳ ሰው ማየት ይጀምራል። ቀጥሎ የተወሰኑ መጻሕፍትን ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አቁሙ፣ በየሳምንቱም ቀይሯቸው። ጀርባው ብቻ የሚታይ መጽሐፍ የሚዋሰው ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። መደርደሪያዎቹንም «ሥነ መለኮት»፣ «ታሪክ» ከማለት ይልቅ ሰው በሚጠይቀው አፍ ሰይሟቸው፦ «መጸለይ አቃተኝ»፣ «ሐዘን ላይ ነኝ»፣ «ልጄ ጥያቄ አበዛ»።

ገንዘቡን በብዙ ርዕሶች ላይ አትበትኑት። አንድ ጥሩ ቀጭን መጽሐፍ መርጣችሁ ደጋግማችሁ ግዙ፣ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጊዜ አንብበው እንዲወያዩ። ለመጀመሪያ ጀርመናዊው ፓስተር ቦንሆፈር ስለ አብሮ መኖር የጻፈው ይሁን። ሲያስተምርበት የነበረውን የካህናት ማሠልጠኛ የናዚ ፖሊስ በ1937 ዘጋው፣ በ1939 እዚያ አብረው እንዴት ይኖሩ እንደነበር የሚናገረውን መጽሐፍ አሳተመ፣ በ1945 ሰቀሉት። ጥሩ ክርስቲያናዊ ማኅበር በሐሳባችን ሥለን ያንን ሥዕል ከሰዎቹ አብልጠን ከወደድን ማኅበሩን እናፈርሰዋለን የሚል ክፍል አለው፣ ለማንኛውም ኮሚቴ ከስብሰባ በፊት ቢነበብ ጥሩ ነው (የእናንተንም ጨምሮ)።

ቶልስቶይን እናስቀምጥ ወይ ብላችኋል። የሩስያ ቤተ ክርስቲያን በ1901 እንዳወገዘችው እውነት ነው፣ ስለ ክርስቶስ መለኮትነት የጻፋቸው ነገሮች ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር አይሄዱም። እኔ ብሆን የማርቲንን ታሪክ አስቀምጣለሁ፣ የሃይማኖት ድርሳኖቹን ግን ከመምህር ጋር ለሚያነብ ሰው ብቻ። ለማንኛውም የምታስቀምጡትን አንድ ሰው አንብቦት ይሁን። «ሽፋኑ ላይ መስቀል አለ» መመዘኛ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ዓመት አለፈው። ስለማፍር በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። (ተበዳሪ)

መልስ፦ እሑድ ውሰድና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። የሚያስረዳ ደብዳቤ አትጻፍ፣ ምክንያትም አታዘጋጅ። ተረኛው «እሺ» ብሎ መዝገቡ ላይ ስምህን ይሰርዛል፣ በቃ። ገና ካላነበብከው ደግሞ እዚያው ቆመህ እንዲያድሱልህ ጠይቅ፣ ግን ከሌሎቹ ጋር ለመጠበቅ ተዘጋጅ፤ ዓመት ሙሉ የጠፋ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ወረፋ ይኖረዋል።